ኩይሊና የእናቷ አመድ

ስለ ኩይሊ ሲወራ ሰው ሁሉ ከፊኛው ይጀምራል። ከአመዱ ካልተጀመረ ግን ነገሩ አይገባም።

እናቷ ፔቺያማል በደቡብ ህንድ፣ ፓላኒ በምትባል ከተማ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ በሚያወጣው ደረጃ ሥር ምእመናን ግንባራቸውን የሚቀቡትን የተቀደሰ አመድ ትሸጣለች። ኩበቱን ራሷ ትጠፈጥፋለች፣ ራሷ ታቃጥላለች፣ ሰባት ጊዜ ትነፋዋለች። "የኔ አመድ አሸዋ የለውም!" ትላለች፤ እውነቷን ነው። ኩይሊ በዚያ አመድ ገቢ ተምራ፣ ኮይምባቶር ከተማ ወርዳ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ የጠፈር ሳይንስ ያዘች።

"ጠፈር ላይ ምን ጠፍቶብሽ ነው?" አሏት ጎረቤቶቿ።

"ሳገኘው እነግራችኋለሁ!" አለቻቸው። ምላሷማ ምላስ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪ ላይ የዶክተር ቫሱማቲ ቤተ ሙከራ ተመደበች። ዶክተሯ ለሦስት ዓመት የለፉበት አንድ የጨረር ጠቋሚ ነበር። ጡጫ የሚያህል ክሪስታል ነው፤ ጨረር ሲመታው ብልጭ ይላል፣ የተገጠመለት መቁጠሪያ ብልጭታውን ይቆጥራል። በጥር ወር በትልቅ ፊኛ ተንጠልጥሎ ከደመና በላይ ወጥቶ የጠፈርን ጨረር እንዲቆጥር ቦታ ተይዞለታል። እስከዚያው ድረስ የምድሩ ጨረር እንዳያደናግረው ክሪስታሉን በእርሳስ ብረት ጡብ ማጠር የኩይሊ ሥራ ሆነ። አንዱ ጡብ አሥራ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስድሳውንም በእጇ ደረደረች።

ኢኒያን የሚባል የሐኪም ልጅ አብሯት ይማር ነበር። እሱ ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀምጦ፣ "አመዷ ግንበኛ ሆነች!" ይላታል።

"አመድ በዱቄት ይስቃል ይባላል" ብላ መለሰችለት። "እዚህ ቤት ግን ዱቄቱ ነው በአመድ የሚስቀው።"

መስከረም መጨረሻ ላይ የመሣሪያ በዓል መጣ። በዚያን ቀን መፍቻ የሚያነሳ የለም፤ መሣሪያ ይታጠባል፣ ያርፋል፣ ይመረቃል። ሹፌሩ ለአውቶቡሱ፣ ልብስ ሰፊው ለስፌት መኪናው አበባ ያጠልቃል። ቤተ ሙከራውም እንደዚያው። የማሽን ጠጋኙ ጋሼ ቾካሊንጋም በየማሽኑ ፊት ሦስት መስመር አመድ አሰመሩ፣ ዶክተሯ ኮኮናት ፈነከቱ፣ ሁሉም የበዓሉን ሽምብራ በልቶ ተመራርቆ ተለያየ።

ከበዓሉ ማግስት መሣሪያው አበደ። በእርሳስ ተከቦ ዝም ማለት ሲገባው ይቆጥራል፣ ይቆጥራል። ኮምፒዩተሩ ከቆጠራው በሚያወጣው ሥዕል ላይ አንድ ጉብታ ወጣ፤ የጉብታው ቦታ በተፈጥሮው ጥቂት ጨረር የሚረጨው የፖታሲየም ነው። ፖታሲየም ደግሞ በግድግዳው ሲሚንቶ ውስጥ ስለማይጠፋ፣ ዓይን ሁሉ ኩይሊ ላይ አረፈ። ጡቡን አላገጣጠመችውም፣ የግድግዳው ጨረር ሾልኮ ገባ ተባለ።

"ወይ ደግሞ ሙዝ ስትበላ እዚያ ረስታዋለች" አለ ኢኒያን፤ ሙዝም ፖታሲየም አለውና። ሰው ሳቀ። ኩይሊ ግን ሳቁ አልመጣላትም፣ ተናዳለች። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ መሣሪያው በፊኛው ይውጣ አይውጣ የሚሉት ገምጋሚዎች ሰኞ ይመጣሉ። የጉብታው ምክንያት ካልታወቀ የፊኛው ቦታ ለሌላ ይሰጣል።

ቅዳሜ ጧት ከጋሼ ቾካሊንጋም ጋር ጡቡን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመሩ። አርባ አንደኛውን አነሳች። ክሪስታሉ ሥር፣ በሁለት ጡብ መካከል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለች ነገር ተሸጉጣለች። አጠቃለሉ የእናቷ ነው።

እናቷ በበዓሉ ዋዜማ በስልክ፣ "ላዩንማ ማንም ይቀባዋል፤ አንቺ የላክሁልሽን አመድ ከሆዱ አስገቢለት" ብላት ነበር። አስገባች፣ ረሳችው። ጧት ግንባሩን አመድ መቀባቱን ማን ያስታውሳል? ላሟ ሣር ትበላለች፣ ኩበቱ ይቃጠላል፣ የሣሩ ፖታሲየም አመዱ ውስጥ ይቀራል። ይህንኑ ፈተና ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ ያገኘች ልጅ ናት እኮ! አፍራ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ጋሼ ቾካሊንጋም በሩን አየት አድርገው ኪሳቸውን ከፈቱላት። "ወዲህ በያት። ክፍተት ነበረ፣ ገጠምነው እንላለን። ማን አየ?"

"መሣሪያው አይቷላ፣ ጋሼ።"

"መሣሪያ አፍ የለው!"

"እኔ አለኝ።"

"ኧረ ልጄ፣ ሞኝ አትሁኚ! ቤተ ሙከራውን በአመድ ያበላሸች ብለው ያባርሩሻል።"

"ያባርሩኝ። የሌለ ክፍተት ነበረ ካልኩ፣ ነገ ሰማይ ላይ የሚያየውንም ክፍተት ነው ይሉታል።"

ኩይሊ ሄዳ ለዶክተር ቫሱማቲ ሁሉን ነገረቻቸው። እሳቸውም፣ "ሰኞ የምታስረጂው አንቺ ነሽ" አሏት። ኩይሊ እሑድን እህል ሳትቀምስ ዋለች።

ሰኞ ሦስት ገምጋሚዎች መጡ። ሰብሳቢው ሳቅ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ኩይሊ ያለአመዱ አስቆጠረች፣ መሣሪያው ዝም አለ። ጥቅሏን መለሰች፣ ጉብታው ብቅ አለ።

"ይሄ በቂ አይደለም" አሉ ሰብሳቢው። ጀርባቸውን ሰጥተው ከጥቅሏ ላይ ጥቂት አመድ ወረቀት ላይ ገለበጡና የቀረውን አቀበሏት። "ስንት ወሰድኩ?"

ኩይሊ አስገብታ ዘጋች። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። አስቆጠረች፣ አሰላች፣ ደግማ አሰላች።

"ሲሶውን ወስደዋል።"

ሽማግሌው የገለበጡትንም የቀረውንም በየተራ ሚዛን ላይ አኖሩ። ሲሶ ነበር! ጋሼ ቾካሊንጋም ሳያስቡት አጨበጨቡ፤ ኢኒያን እንኳ ከወንበሩ ተነሳ።

"ለመሆኑ ማነው አመድ እዚህ ያስገባው?" አሉ ሰብሳቢው።

ጋሼ ቾካሊንጋም አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደመቻቸው። "እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። በበዓሉ ቀን፣ ለበረከት። አመዱን የሠራችው እናቴ ናት።"

ሽማግሌው መሣሪያውን አዩት፣ እሷን አዩ። "በእጇ ላጠረችው ልጅ ያላዳላ ለማንም አያዳላም። በፊኛው ይውጣ" ብለው ፈረሙ።

ኩይሊ ውጪ ወጥታ እናቷ ጋ ደወለች። ከስልኩ ወዲያ የደረጃው ግርግር ይሰማል። የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ አመዱን፣ ሲሶውን፣ ፊርማውን።

"አመዴ አዋረደሽ እንዴ?" አለች ፔቺያማል፣ ደንግጣ።

"ኧረ እማ! ጨረሩ ሲቆጠር ሁሉም አዩት። ያንቺ አመድ ነው ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። ኮርቼብሽ ነው የተናገርኩት።"

አንድ ገበያተኛ እናትየውን ሲጠራ፣ "ቆይ፣ ልጄን እያናገርኩ ነው!" ስትል ተሰማች።

"በጥር ነው የሚወጣው አልሽኝ?"

"በጥር።"

"እንግዲያው ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ምንም እንዳታስገቢ" አለች። "እሱ ሥራውን ይሥራ። ጸሎቱን እኔ ከዚህ አደርስለታለሁ።"