የማን እንደሆነ አይታወቅም

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስመለስ ነው። ልረሳው ብፈልግም ጣጣው እስካሁን አለቀቀኝም። እንዲያውም የፊታችን እሁድ እቤቴ ድረስ ይመጣል።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ከዘመድ እስከ ጎረቤት ለማንም ያልገባው እሱ ነውና። ዲ ኤን ኤ ሲባል ትምህርት ቤት የሳልነውን፣ የተጠማዘዘ መሰላል የሚመስለውን ባለ ሁለት ገመድ ነገር እናስባለን። አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ገመዱ በራሱ ላይ ተጣጥፎ ባለ አራት ይሆናል። ብልቃጥ ውስጥ እንዲህ እንደሚሆን ከታወቀ ቆይቷል። እኔ የማጠናው በሕይወት ባለ የሰው ሴል ውስጥ መቼ እንደሚታጠፍና መቼ እንደሚፈታ ነው። ስለዚህ ሴሎቹ መሞት የለባቸውም። ከሞቱ የወራት ድካሜ ገደል ገባ ማለት ነው።

ሴሎቹን ያሳደግኳቸው አዲስ አበባ፣ እነሱን የማይበት ማይክሮስኮፕ ያለው ደግሞ አዳማ። ለምን አንድ ቦታ አልሆኑም ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። ሊያደርሰኝ የነበረው መኪና የዚያን ጠዋት ሰዎች ጭኖ ወደ ስብሰባ ሄደ። ሙቀት የሚጠብቀው ሳጥን ደግሞ ባትሪው አልሠራ አለ። አማካሪዬ ጋ ስደውል ምንም ሳይመስላቸው፣ «የሰውነትሽ ሙቀት ልክ ነው፤ ሆድሽ ላይ እሰሪው» አሉኝ። ሴሎቹ ያሉባትን ብልቃጥ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ሆዴ ላይ በነጠላ አስሬ፣ ከላይ ሰፊ ሹራብ ደርቤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

የሆነውን ትገምታላችሁ። ገና ስገባ አንድ ሰውዬ ተነስቶ ጥሩውን ወንበር ለቀቀልኝ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና ጉድጓድ ባየ ቁጥር ሊቆም ምንም አይቀረውም ነበር። እኔ ሰዓት እየቆጠርኩ ነው፣ እሱ ይንፏቀቃል። ቶሎ ንዳ ብለው፣ «እህቴ፣ እኔ መኪና ውስጥ አትወልጂም» አለኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ዘሀራ ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው፣ የሚኖሩት ከአዳማ አለፍ ብላ ባለችው ደራ ነው። አዲስ አበባ ያለችውን ልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነበር። ገና ሳንተዋወቅ ወገቤ ሥር ፌስታላቸውን እንደ ትራስ አስገቡልኝ።

ሞጆ ስንደርስ ፍተሻ ተባለና ሁላችንም ወረድን። ፖሊሷ እጇን ወደ ሆዴ ስትዘረጋ ደነገጥኩ። «እባክሽ እንዳትጫኚው፣ ይሞትብኛል» አልኳት። ግራ ገብቷት ምንድን ነው አለች። ትዕግሥቴ አልቆ ነበርና እውነቱን ነገርኳት፤ ለዲ ኤን ኤ ምርመራ ነው የምወስደው አልኩ።

እኛ አገር ዲ ኤን ኤ ሲባል መሰላሉን የሚያስታውስ የለም። አባት «ልጁ የኔ አይደለም» ሲል የሚደረግ ነገር ነው፣ በቃ። ፖሊሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የማን ነው?»

ሴሎቹ ስሙ ካልተጻፈ ለጋሽ የተገኙ ናቸው። ስለዚህ እኔ ሞኟ፣ «የማን እንደሆነ አይታወቅም» አልኳት።

ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ፖሊሷ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ አይዞሽ ብላ አሳለፈችኝ።

መኪናው ሲነሳ ለእማማ ዘሀራ ላስረዳ ሞከርኩ። ሌሎቹም ጆሯቸውን አቁመዋል። ስለ ሴል፣ ስለ ገመድ፣ ስለ መታጠፍ ለፈለፍኩ። በመጨረሻ ነገሩን ላቅልለው ብዬ፣ «አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው እማማ፣ የኔው ግን አራት ነው» አልኩ።

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አራት? ያ ረቢ።»

ሹፌሩ ከዚያ በኋላ የበለጠ ቀስ አለ። እንባዬ ሊመጣ ደረሰ። እማማ ዘሀራ ግን የማለቅሰው በሌላ ነገር መስሏቸው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲያረግዙ አባትየው ክዷቸው እንደነበር አጫወቱኝ።

«በኔ ጊዜ ይኼ ዲ ኤን ኤ የሚባለው ነገር አልነበረም ልጄ» አሉኝ። «ደራ ገበያ ላይ ስንት ዓመት በአጠገቧ አለፈ፣ አንድ ቀን ልጄ ብሏት አያውቅም። ዛሬ የልጆች እናት ሆናለች።»

ማስረዳቴን ተውኩ። አዳማ ስንወርድ ስልኬን ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው።

ሴሎቹ ተርፈዋል። ከሰዓት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሳያቸው፣ የተጣጠፉት ቦታዎች በጨመርኩት ቀለም ነጥብ ነጥብ ሆነው ያበራሉ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ጥናቴንም በዚያው ጨርሼ ፈታኞች ፊት ቀረብኩበት።

እማማ ዘሀራ ግን ከጁምዓ ሶላት በኋላ መደወል ለመዱ። እግርሽ አበጠ ወይ፣ ምን ያምርሻል ይሉኛል። አንዴ ቆርጬ፣ «እማማ፣ እኔ አላረገዝኩም» ብላቸው፣ «ልክ ነሽ፣ ለሰው አትንገሪ፣ የሰው ዓይን መጥፎ ነው» አሉኝ። ሌላ ቀን ስልኩን ላለማንሳት ወሰንኩና እስካነሳ ድረስ ደወሉ። ከዚያ ወዲያ ደህና ነኝ ማለት ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ባለፈው ዓርብ ደወሉ። «በኔ ቆጠራ ወርሽ ገብቷል። ምርመራውስ? የማን ሆኑ?»

በዚህ ጊዜ እውነቱን ልጮህባቸው ነበር። ገበያ መሃል የቆመችው ልጃቸው ትዝ አለችኝ።

«የኔ ናቸው» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንደሱ በይ። እኔ ይኼን ለማለት ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

እሁድ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዘው ይመጣሉ። በእጃቸው አራት የሕፃን ኮፍያ ሠርተው ጨርሰዋል፤ ሁለቱ ቢጫ፣ ሁለቱ ነጭ። አማካሪዬን፣ ሳጥኑን፣ ያንን ሹፌር ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። ፈታኞች ፊት ስቀርብ እንኳ እንዲህ አልጨነቀኝም። በር ስከፍትላቸው ምን እንደምል አላውቅም። ኮፍያዎቹን ግን እቀበላቸዋለሁ።