አላምረው ቁልፍ ሲመርጥ

አላምረው ብስክሌት መጠገን ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሱቁ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ በፎቶ ቤትና በልብስ ሰፊ መካከል የተሸጎጠች ናት፤ ሁለት ብስክሌት ከገባባት እሱ ራሱ ውጭ ቆሞ ነው የሚሠራው። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ብስክሌት ያለው ሰው ብዙ አይደለም። ያለው ግን ፍሬን ይጨርሳል፤ ፍሬን የጨረሰ ደግሞ ወይ ሐኪም ቤት ወይ አላምረው ዘንድ መምጣቱ አይቀርም።

በሙያው ማንም አያማውም። ችግሩ መሣሪያው ነበር። የድሮ ቁልፎቹ አፋቸው ሰፍቶ ብሎን ከመፍታት ጣት መላጥ ይቀናቸው ጀመር። ክረምቱ ሲወጣ አንድ አዟሪ መጣና ሰማያዊ ሳጥን ከፈተለት። መቶ ስምንት ዕቃ፣ እያንዳንዱ በየጎድጓዳው ተኝቶ ያብረቀርቃል። አላምረው ገዛና ማታ ለሚስቱ ለሸዋረጋ አሳያት።

"ከነዚህ ውስጥ ስንቱን ታውቀዋለህ?" አለችው።

"ሥራ ላይ እንተዋወቃለን።"

ትውውቁ አልቆየም። ኅዳር ላይ አያ ምንዳዬ ብስክሌታቸውን እየገፉ መጡ። አያ ምንዳዬ ከወለቃ ማዶ የሚኖሩ፣ ስድሳን ያለፉ ገበሬ ናቸው። ብስክሌቱን ልጃቸው ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ትቶላቸዋል፤ ቁልቁለቱን ይጋልቡታል፣ ዳገቱን ይገፉታል። የኋላ ጎማው ኩሽኔታ አልቆ መንገዱን ሙሉ ይጮኻል።

"የሰው በቅሎ አስበርግጌ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ፊት ቆሜያለሁ" አሉ።

አላምረው ባለ አሥራ አምስቱን አዲስ ቁልፍ አውጥቶ የጎማውን ዳዶ ያዘ። ሳበ፤ እምቢ አለ። እግሩን ከግድግዳው አስደግፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲስብ፣ የተከፈተው ዳዶው ሳይሆን የቁልፉ አፍ ሆነ። አላምረውም ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ የተበሳ የጎማ ከመነዳሪ የሚፈትሽበት የውሃ ሳፋ ውስጥ ቁጭ አለ።

አያ ምንዳዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ምነው አላምረው? ጥምቀት እኮ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል!"

ፎቶ አንሺው ሳይቀር ወጥቶ ሳቀ። አላምረውን ያሳፈረው የረጠበው ሱሪ አልነበረም፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ደንበኛ ፊት ዳዶ አሸንፎት አያውቅም። "ከእንግዲህ ሳልፈትን አንድ ቁልፍ ሱቄ አይገባም" አለና ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ፒያሳ ወጣ። አያ ምንዳዬም ንብረታቸውን ከዓይናቸው ማራቅ ስላልፈለጉ ተከተሉት።

የገቡት ምስጋናው መሣሪያ መሸጫ ነው። ምስጋናው ወጣት ነጋዴ ነው፤ በዚያ መንገድ በየቀኑ ክራባት የሚያስር እሱ ብቻ ነው።

"ብስክሌቱን ውጭ አቁሙት" አለ።

"ፈታኙ እሱ ነው" አለ አላምረው። "ባለ አሥራ አምስት ቁልፍ አሳየኝ።"

ምስጋናው አንዱን አመጣ። "ጀርመን ነው።"

"ያኛውስ?"

"እሱም ጀርመን።"

"ያ ቀዩ?"

"እሱ... እሱም ወደ ጀርመን ነው።"

አላምረው ቁልፎቹን እርስ በርስ እየፋቀ የቱ እንደሚጫር አየ፤ የቅቡን ጠርዝ በጥፍሩ ሞከረ። አያ ምንዳዬ ደግሞ በራሳቸው ዘዴ ገቡበት። አንዱን አንስተው አገላበጡ፣ አፉን አዩ፣ ወገቡን ዳሰሱ።

"ይህ አንገቱ ቀጭን ነው። ቀንበር አይችልም።"

"አባቴ፣ በሬ እኮ አይደለም!" አለ ምስጋናው።

"እሱማ ታዲያ፣ በሬ ቢሆን ይሻል ነበር።"

ምስጋናው ተናደደ። "እኔ ራሴ ፈትቼ ላሳያችሁ!" ብሎ የሚያብረቀርቀውን ይዞ ተቀመጠ። ብስክሌቱ በመቆሚያው ላይ ነው፤ የኋላ ጎማው ከመሬት ከፍ ብሏል። አንድ እጁን ለመደገፊያ ፔዳሉ ላይ አድርጎ ቁልፉን ሲገፋ ፔዳሉ ዞረ። ፔዳሉ ሲዞር ካቴናው ሄደ፤ ካቴናው የክራባቱን ጫፍ ይዞ ጥርሱ ውስጥ አስገባው።

"ወደ ኋላ! ወደ ኋላ አዙሩት!" ብሎ ጮኸ።

አያ ምንዳዬ ለመርዳት ዘለሉ። ግን ቆመው የነበሩት በወዲያ በኩል ስለሆነ ለእሳቸው ወደ ኋላ የመሰላቸው ወደ ፊት ነበር። ክራባቱ እስከ ቋጠሮው ገባ፤ የምስጋናው አፍንጫ ግራሶ ነካ፤ ጎማውም ከዚያ ወዲያ በየትም በኩል አልዞር አለ።

"መቀስ አምጡና እንቁረጠው" አሉ አያ ምንዳዬ።

"አይሆንም! የሰርጌ ክራባት ነው!"

አላምረው ጊዜ አልነበረውም። ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከአቧራው መካከል እጁ ያገኘውን ጥቁር ቁልፍ መዥረጥ አደረገ። ዳዶው ላይ አስገብቶ ሳበ። "ቀጭ!" አለና ላላ። ሌላውንም በኩል ፈታው፤ ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋው ካቴናው ረገበ፤ ምስጋናውም ከነክራባቱ ወጣ።

ደጅ የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ። አላምረው ግን የሚያየው ቁልፉን ነው። አፉ አልተከፈተም፣ ጠርዙ አልተበላም።

"ይህን ምነው ደበቅኸው?"

"አልደበቅኩትም" አለ ምስጋናው አፍንጫውን እየጠረገ። "ስለማያብረቀርቅ ሰው አይጠይቀኝም።"

"ሸጋ ነው" አሉ አያ ምንዳዬ። "አንገቱን እዩት!"

ከዚያ በኋላ ምስጋናው አንዲት ቃል አልተቃወመም። አላምረው ከዚያው ዓይነት ሰባት ቁልፍ፣ አንድ ፒንሳና አንድ ካቻቢቴ እስኪመርጥ ረፋዱ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ኩሽኔታውን ቀየረና አያ ምንዳዬን ሸኘ። በዚያ ሳምንት ጣቱ አንዴም ሳይላጥ ሠርቶ ሲገባ፣ ሸዋረጋ እጁን አገላብጣ አየችና "ሥራ ፈትተህ ነው እንዴ?" አለችው።

አሁን አዲስ ዕቃ ሲገባ ምስጋናው ለአላምረው ይደውላል። አላምረው ቅዳሜ ጠዋት የዛገ ብሎን ይዞ ይሄዳል፤ ያልቻለው ቁልፍ ወደ መጣበት ይመለሳል። አያ ምንዳዬም ገበያ ሲወጡ ጎራ ብለው፣ ሻይ እየጠጡ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ፍርድ ይሰጣሉ። ባለፈው አንድ ቀይ እጀታ ያለው መዶሻ ዳስሰው "የዚህ ራስ አልጸናም" አሉ። ምስጋናው ስቆ መዶሻውን አንዴ ወዘወዘው። ብረቱ በርሮ ጥግ የቆመ የኖራ ጆንያ ውስጥ ገባ፤ ሱቁ ነጭ ጉም ሆነ። አያ ምንዳዬ የሻይ ብርጭቋቸውን በባርኔጣቸው ከድነው ጉሙ እስኪረጋ ጠበቁ።