ሁሉንም በሁሉም በር ያስገባሁበት ቀን

ዛሬ የመሥሪያ ቤታችን ወጥ ቤት ኃላፊ፣ ማን በምን ታሞ እንደቀረ የሚያሳየውን ፋይል ቁጭ ብሎ አነበበ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ ያውም በኩራት።

የባሌ ሮቤ ወገኖቼ፣ ሥራዬን ስትጠይቁኝ "ኮምፒውተር ነው" ብዬ የማልፋችሁ ለእኔም ስላልገባኝ ነው። ከሮቤ እየተመላለስኩ ጎባ ላይ ሬዲዮ ስጠግን አርጅቼ ልጄ ወደ ኖርዌይ ስትጠራኝ፣ የሥራ ቢሮው ሰውዬ "ምን ትችላለህ?" አለኝ።

"የተበላሸ ሬዲዮ።"

"ሬዲዮ የለንም።"

"ታዲያ የተበላሸ ምን አላችሁ?"

ሳይስቅ የኮምፒውተር ትምህርት ላይ መዘገበኝ። የዚህ አገር ብርድ እንደ እኛው ባሌ ዲንሾ ነው፤ የዲንሾው ግን ረፋድ ላይ ይሄዳል፣ የዚህኛው ሻንጣውን ፈትቶ ተቀምጧል።

አሁን ሰርቨር የሚባሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች አሉን። እየዞርን አናስተካክላቸውም፤ ትእዛዙን አንድ ቦታ ጽፈን እንልክላቸዋለን። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ኢንግሪድ የአምስት ሠራተኞችና የአምስት ሰርቨሮች ዝርዝር ሰጥታ "ሁሉም ሰው ሁሉም ጋ ይግባ" አለችኝ። ለዚህ ሉፕ የሚባል፣ አንዱን ሥራ እየደጋገመ የሚያሠራ ትእዛዝ አለ፤ በአንዱ ሉፕ ውስጥ ሌላ ሉፕ ይጻፋል፤ የመጀመሪያውን ሰው አምስቱም ሰርቨር ዘንድ ያዞረዋል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይዞ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ሦስት ቀን ግራ ገብቶኝ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን በራልኝ፤ ይሄማ የሮቤ ሰላምታ ነው! አምስት ሰው ያለበት ቤት ገብተህ በጅምላ "ሰላም ናችሁ" ብለህ አትቀመጥም። የመጀመሪያውን ጤናውን፣ ልጆቹን፣ "ሎን ነጋ?" ብለህ ከብቱን፣ ከዚያ ገብሱን ትጠይቀዋለህ። ወደ ሁለተኛው ትዞርና እንደገና ከጤናው ትጀምራለህ። ጻፍኩት፤ ሠራ።

ዛሬ ሌላ አምስት ሰውና አምስት ሰርቨር መጣ፤ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ብቻ እንዲገባ። እኔ ደግሞ አንዴ የገባኝን ነገር አልለቅም። ያንኑ ሉፕ በሉፕ ጽፌ ሁሉንም ከሁሉም ጋር ሰላም አባባልኳቸው፤ የወጥ ቤቱ ኃላፊም የታመሙት ፋይል ዘንድ ደረሰ።

የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀውም ዛሬ ነበር። ቋሚ ከሆንኩ ረጅም ዕረፍት አግኝቼ ሮቤ እመጣለሁ ብያችሁ የለ?

"ለምን ሁሉንም አስገባህ?" አለች ኢንግሪድ። እዚህ አገር አንቱታ የለም፤ የልጄ እኩያ ይህን ሽበት እያየች አንተ ትለኛለች።

"መዝለል ነውር ስለሆነ።" የሰላምታውን ነገር አስረዳኋት።

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"እንደ ከብቱ ብዛት።"

"ማንም አይዘለልም?"

እዚህ ላይ አንድ የዘለልኩት ሰው ትዝ አለኝ። ከሮቤ የወጣሁ ጠዋት ሰፈሩን በየቤቱ ዞሬ ስሰናበት፣ የመጀመሪያው ቤት ላይ ወሬ አራዘምኩ። የመጨረሻዋ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ባለሱቋ አዴ ፋጡማ፣ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሹፌሩ ጡሩንባውን ሲለቀው "እደውላለሁ!" ብዬ ሚኒባሱ ላይ ዘለልኩ።

ኢንግሪድ ሙከራውን ስድስት ወር አራዘመችው። ግራ እንደገባኝ ወጥቼ ለአዴ ፋጡማ ደወልኩ።

"አዴ ፋጡማ፣ አከም ጂርቱ?"

"ማሻአላህ፣ ድምፅህ ወፈረ። ገብስ ይሰጡሃል?"

"ለከብት ነው የሚሰጡት። እኔ ገና ተራ እየጠበቅኩ ነው።"

ሳቁ። "ጤናዎስ?" ስላቸው ግን ሳቁ ቆመ።

"እሱን በራፌ ላይ መጥተህ ነው የምትጠይቀኝ። በስልክ አልመልስም ብዬህ የለም?"

"ልጆቹስ?"

"በራፌ ላይ።"

"ከብቱስ? ገብሱስ?"

"አንተ ሰውዬ! ዘንድሮ ትመጣለህ፣ አትመጣም?"

"ሙከራው እኮ…" ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም፦

"ብቻ ና። መቆሙ ስላቃተኝ በሩ ላይ ወንበር አስወጥቻለሁ።"

አራት ጥያቄ አለብኝ፤ አንዱን፣ የጤናውን፣ በራቸው ሳልደርስ መለሱልኝ።