ጭሮ ነደደች የተባለ ዕለት

ጭሮ መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ የዋልኩባትን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። እናቴ ሚኤሶ፣ እኔ ጭሮ፤ መሀላችን አንድ ቁልቁለት ብቻ።

ጭሮ የመጣሁት በአስተማሪነት ተመድቤ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ርቃ ሄዳ አታውቅም። በማግስቱ የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና ስለነበር ግን "የልጅ ልጄን እኔው ነኝ የማቅፋት" ብላ ተሳፈረች። አውቶቡሱ ሚኤሶ ሲደርስ ሾፌሩ ስልኩ ላይ አንድ የዜና ገጽ ከፈተ። የሚነድ የጭነት መኪና ፎቶ፣ ከላዩ "ጭሮ እየነደደች ነው" የሚል ጽሑፍ። እዚያው ቆመ።

ፎቶውን እኔም አየሁት። ከመኪናው ጀርባ ባህር አለ። ከጭሮ ተነስቶ ባህር ለማየት እኮ ጅቡቲ መውረድ ያስፈልጋል! ይህንኑ ከሥሩ ጻፍኩ። "ካድሬ" ብለው መለሱልኝ። የገጹ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የት ተቀምጦ እንደሚጽፍ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚጠይቅም።

ድሮ ጭሮ የመንገዱን ሰላም የምታውቀው በጫት መኪና ነበር። ጫት የጫነው አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ በርሮ ባዶውን ከተመለሰ፣ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። መናኸሪያው በር ላይ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ያን ቀንም ዓይናቸው አስፋልቱ ላይ ነበር።

"ባርሲሳ" አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። "ወላሂ፣ ጫቱ ሄዶ ተመልሷል። መንገዱ ሰላም ነው።"

እናቴን ላመጣ የተሳፈርኩበት የሚኤሶ ሚኒባስ ግን ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ሰው ይመጣል፣ ስልኩን ያያል፣ ይመለሳል። ወቅቱ የረብሻ ስለነበር በፈሪው አልፈርድም፤ ግን የቆመበትን መሬት የማያምን ሰው ምን ይባላል?

"አንተ፣ ጭሮ ውስጥ ቆመህ እኮ ነው!" አልኩት አንዱን።

"እዚህ እንኳን ሰላም ነው፤ የነደደው በዚያኛው በኩል ይሆናል" አለኝ።

እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ጭሮ ሰላም ነው። ሌላ መኪና ፈልገሽ ነይ።"

"ፎቶውን አሳይተውኛል ልጄ።"

"እሱ ጭሮ አይደለም። ጭሮ ያለሁት እኔ ነኝ!"

 ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አጠገብህ ሰው አለ? በል ያሉህን ነው የምትለው?" አለችኝ።

መናኸሪያውን ከጀርባዬ አድርጌ ፎቶ ተነሳሁና ቁጥሩን ተቀብዬ አጠገቧ ለተቀመጠ ወጣት ላክሁለት። "የቆየ ፎቶ ነው፤ ባያምኑት ይሻላል" አላት። ከሚኒባሱ ወርጄ መጮህ አማረኝ። ማን ላይ እንደምጮህ ግን አላወቅሁም። የወለደችኝን ሴት ደህና ነኝ ብዬ ማሳመን አቃተኝ።

አመሻሽ ላይ አውቶቡሱ ወደመጣበት ዞረ። እናቴም አብራ ተመለሰች።

ልጄ በማግስቱ አያቷ በሌለችበት ክርስትና ተነሳች። በነጭ ልብስ እንደተጠቀለለች ፎቶ አንስቼ በእናቴ ጎረቤት ስልክ ላክሁ። እናቴ ወዲያው ደወለች፤ ታለቅሳለች።

"እንዴት ታምራለች!" አለች። ቀጥላም "ግን ልጄ፣ በሞቴ፤ ፎቶው እውነት የእሷ ነው?"