የእትዬ ወለተማርያም ስሞክ አላርም

እትዬ ወለተማርያም ሰው አያምኑም። ይሄን እኔ ብቻ ሳልሆን ሴንት ጄምስ ታውን የሚባለው ሰፈራችን ውስጥ የሚያውቃቸው ሁሉ ይነግራችኋል። አውቶቡስ ውስጥ ቀጣዩን ፌርማታ የሚጠራውን ድምፅ እንኳ አያምኑም፤ በጣታቸው ይቆጥራሉ። እንቁላል ሲገዙ ካርቶኑን ከፍተው አንድ በአንድ ያገላብጡና ካሸሯን «ምን ታይኛለሽ?» በሚል ዐይን ያዩዋታል። ስፖንሰር አድርጎ ያመጣቸው ልጃቸው ሥራ አግኝቶ ካልጋሪ ከገባ ወዲህ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት «ኖ» እና «ሶሪ»ን ነው፤ እሱም ቢሆን «ኖ» ይበዛል።

እኔ ፀዲ እባላለሁ፤ በሬ ከበራቸው ፊት ለፊት ነው። ጠዋት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ የእትዬ አስተርጓሚ ነኝ። ደሞዝ የለው፣ እረፍት የለው! ወረቀት ቢመጣ፣ ስልክ ቢደወል፣ በሬ ይንኳኳል።

ባለፈው መጋቢት በሁላችንም በር ሥር አንድ ማስታወቂያ ገባ። የቤታችሁ ስሞክ አላርም ዕድሜው ስላለቀ ሐሙስ ገብተን እንቀይራለን ይላል። አነበብኩላቸው።

«ለምን ይገባሉ?» አሉኝ።

«ሊቀይሩት ነዋ እትዬ። ሕግ ነው። ጭስ ሲኖር የሚጮህ ነገር በየቤቱ ማስገባትና መፈተሽ የአከራዩ ግዴታ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ደግሞ ይጣላል።»

«ደኅና ዕቃ ይጣላል? እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ስንት ሰው እንደምናድር ሊቆጥሩ ነው። አየሽ፣ እንዳንጠረጥራቸው ቀድመው በወረቀት ይናገራሉ።»

ቀድሞ መናገሩም ሕግ ነው ብላቸው ማን ሊሰማኝ! ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሐሙስ ከሰዓት ሊዮ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ሊዮ የሕንፃው ሱፐር ነው፤ ቧንቧ የሚጠግነው፣ ቆሻሻ የሚያወጣው፣ የሁላችንም ቤት ቁልፍ ያለው እሱ ነው። ምድር ቤት ያለው መኖሪያው ከሥራው ጋር የተሰጠው ነው፤ ከሚስቱና ከሦስት ሴቶች ልጆቹ ጋር ይኖርበታል። እትዬ መሰላሉ ሥር ቆመው እጁን እጁን ያያሉ።

«ያ የሚያበራው ምንድነው? ዐይን ነው?»

«መብራት ነው እትዬ።»

«ጠይቂልኝ እስቲ።»

ያን ቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ ሠርቼ ነበር የመጣሁት፤ እግሬ ሊቆረጥ ደርሷል። ሊዮ ደግሞ ወሬው አያልቅም። በየወሩ የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫኑት፣ እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አታድርጉ፣ ይላል። «አሥር ዓመት ይቆያል ነው የሚለው» ብዬ ቀጨሁትና ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ከሥራ ስመለስ ከሊፍቱ እንደወረድኩ የተቃጠለ ሽንኩርት ሸተተኝ። ከእትዬ በር ሥር ጭስ ይወጣል። ቀጠቀጥኩት! ሲከፍቱልኝ ዐይናቸው ቀልቷል፤ ቁሌት ጥደው ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ድስቱን አንስቼ ውኃ ውስጥ ከተትኩት፤ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሁለታችንም ኮሪደር ወጥተን ሳልን። ቤቱ በጭስ ታፍኖ ያ አዲሱ አላርም ጭጭ!

እኔ ደግሞ ስናደድ ራሴን መቆጣጠር አልችልም። «ይሄ ሰውዬ ሊገድልዎት ነበር!» አልኩ።

«አላልኩሽም?» አሉኝ። በአንድ በኩል ሳያስደስታቸው የቀረ አይመስለኝም።

ኦፊስ ኮል አደረግኩ። ወደ ከተማው የእሳት ቁጥጥርም ደወልኩ። የማይሠራ አላርም ነው የሰቀለው ብዬ የሊዮን ስም ፊደል በፊደል አስመዘገብኩ።

ረቡዕ ኢንስፔክተሩና የሕንፃው ማናጀር መጡ። ሊዮ መሰላሉን ይዞ ከኋላቸው ቆሟል። ኢንስፔክተሩ ቁልፉን ሲጫን አላርሙ ጮኸ። የጭስ ስፕሬይ ሲረጭበት ጆሯችን እስኪደነቁር ጮኸ።

«ምንም ችግር የለበትም» አለ።

ማናጀሯ ወደ ሊዮ ዞረች። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አልጮኸም? ከተከሰስክ በኋላ በማስተር ቁልፍ ገብተህ በሚሠራ ቀይረኸዋል ማለት ነው።» ሊዮ አልገባሁም ብሎ ማለ። ሰው በሌለበት ያለ ማስታወቂያ መግባት ከሥራ የሚያስባርር ጥፋት ነው። አርብ ከሰዓት ኦፊስ እንዲመጣ ነገረችው። ሥራው ከሄደ ቤቱም መሄዱ ነው።

አላዘንኩለትም። ሊፍት ውስጥ ሳገኘው ዐይኑን ከኔ ሲያሸሽ፣ ንጹሕ ቢሆን ለምን ያፍራል አልኩ። ከእትዬ ጋር ቁጭ ብለን መቼ እንደገባ ስናሰላ ዋልን ማለት ይቻላል።

አርብ ጠዋት ሥራ አልነበረኝም። «እሑድ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ነው የገባው» አልኳቸው።

«እሑድስ አይደለም። ክሩ አልተበጠሰም።»

«የምን ክር?»

እትዬ ሊዮ ቁልፍ እንዳለው ካወቁ ጀምሮ ከቤት ሲወጡ በሩና መቃኑ መሃል ነጭ ክር ይለጥፋሉ ለካ! ሲመለሱ ያዩታል። አንድም ቀን ተበጥሶ አያውቅም።

«እትዬ፣ ማንም ካልገባ ይሄን ነገር ማን ነካው?»

«ማን ይነካዋል? እኔም ቆቡን አጠለቅኩለት እንጂ አልነካሁትም።»

«የምን ቆብ?»

ከመሳቢያ አወጡት። አላርሙ ከካርቶኑ ሲወጣ ለብሶት የመጣው ቢጫ ፕላስቲክ ነው፤ አንድ ጎኑ በጥላሸት ጠቁሯል። ሊዮ አውልቆ የጣለውን አንስተው፣ እሱ እንደወጣ ወንበር ላይ ቆመው መልሰው አጥልቀውለታል። የቴሌቪዥናቸው ሪሞት ዛሬም ከነላስቲኩ ነው፤ ፍራሻቸውም እንደዚሁ።

«አዲስ ዕቃ ሳይሸፈን ይቀመጣል? አሥር ዓመት ይቆያል አላልሽኝም? በደንብ ከተያዘ ሃያ ይሄዳል ብዬ ነው። ረቡዕ እንግዳ ስለሚመጣ አወለቅኩት።»

ምን ይዋጠኝ! የሊዮ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እንዳትሸፍኑት ብሎ ነበር። ሁለት ጊዜ ነው ያለው፤ ሰምቼዋለሁ።

አላርም መሸፈን ተከራዩንም እንደሚያስቀጣ ነገርኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ ዝም እንበል እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። ነጠላቸውን አነሱ።

«ሰው አላምንም እንጂ በሰው ላይ አልዋሽም። ተነሺ!»

ኦፊስ ስንገባ ሊዮ የቁልፎቹን ዘለላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቆሟል። እትዬ ቆቡን ከቁልፎቹ አጠገብ አኖሩት። «እኔ ነኝ የሸፈንኩት በያት» አሉኝ። ለማናጀሯ ነገርኳት።

ማናጀሯ ቆቡን አገላበጠችው። «እንዳትሸፍኑት አልተነገራችሁም?»

«ነግሬያለሁ» አለ ሊዮ። «ያስተረጎመችው እሷ ናት።»

እትዬ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «ምን አለ?»

ምንም ብላቸው ማንም አያውቅብኝም ነበር። «እንዳይሸፈን ብሎ ነበር ነው የሚለው። እውነቱን ነው። ደክሞኝ ስለነበር ሳልነግርዎት ቀረሁ» አልኳቸው። በእንግሊዝኛም ደገምኩት።

ማናጀሯ ለእትዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈች፤ ለሊዮ ቁልፎቹን መለሰችለት። ሊዮ እትዬን እጅ ነሥቶ ወጣ። እኔን አላየኝም፤ ቢያየኝም ምን እለዋለሁ?

ሊፍት ውስጥ እትዬ ፎቆቹን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ዐሥረኛ ፎቅ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ባለፈው ወር ያ የልብ ሐኪም ያን ሁሉ ሲያወራ፣ አንቺ ‹መድኃኒቱን ይቀጥሉ ብሏል› ብቻ ነው ያልሽኝ። ሌላ ምን ብሎ ነበር?»

ለማስታወስ ሞከርኩ። ያን ቀንም ከሥራ ነበር የመጣሁት፤ ምንም ሊመጣልኝ አልቻለም።