ሁለተኛው እሁድ

ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ የሱፍ ሹራብ የሠራ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ሲንጣጣ፣ ግቢያችን ውስጥ ካለችው ፓፓያ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ላብ ያረጠበው ጣቴ ላይ የሚጣበቀውን ክር እያላቀቅሁ እሠራ ነበር። አከራያችን ሽንኩርትና በርበሬ የሚነግዱ የይፋት ሴት ናቸው። ባዩኝ ቁጥር ይስቃሉ።

«ልጄ፣ በዚህ ሐሩር ማንን ልትቀቅይ ነው?»

«ቻይና ብርድ ነው አሉ፣ እትዬ።»

«ቻይና ደግሞ ምን አለሽ?»

አፈርኩ። ጓደኛዬ ከደጃፏ ሆና መለሰችልኝ፤ «አበባ ልታይ ነው!»

«ወላሂ! ለአበባ ብሎ ባሕር ማቋረጥ? የእኔ ፓፓያ ምን አድርጋ አስቀየመቻት?»

ጓደኛዬ ሁልጊዜ ትመልስልኝ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ በፍራፍሬ ችግኝ ጣቢያው ስመደብ እሷ ዓመት ቀድማኝ መጥታለች። ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ተከራይተን አብረን እናበስላለን። ገበያ ላይ የምትከራከርልኝ እሷ፣ ቢሮ ስጠራ «አሁን ትመጣለች» የምትል እሷ ናት። ሰው ፊት መናገር ሲያቅተኝ ዓይኔን አይታ የምፈልገውን ትናገርልኛለች። እኔ ደግሞ ሪፖርቷን እጽፍላታለሁ። የሹራቡን ትከሻ እንኳ የለካሁት በእሷ ላይ ነው፤ ልካችን አንድ ነበር።

የቻይናው ግብዣ የመጣው በኅዳር ነው። በዉሃን ከተማ አቅራቢያ የሁለት ወር የፍራፍሬ ልማት ሥልጠና፣ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ፤ ለጣቢያችን አንድ ሰው። ማሠልጠኛው ከከተማው ርቆ ገጠር ውስጥ ስለሆነ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከተማ የሚወጣው አንድ እሁድ ብቻ ነው ይላል ደብዳቤው። የትኛው እሁድ እንደሚሻለው አስቀድሞ ቅጽ ሞልቶ ይልካል። የሚመለከተኝ መስሎ የተሰማኝ ይህ መስመር ነበር።

ተማሪ ሳለሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የቻይና መጽሔት አይቻለሁ። ዳገታማ መንገድ፣ ግራና ቀኙ የቼሪ ዛፍ፣ ቅጠል የለውም፣ ሁሉም አበባ ነው። ከሥሩ ተማሪዎች ብስክሌት እየገፉ ያልፋሉ። አንዷ ልጅ ቆማ ቀና ብላ ታያለች። ጽሑፉ አበባው ከዐሥር ቀን በላይ እንደማይቆይ ይናገራል፤ ከተማዋም ዉሃን ነበረች። ግብዣው እንደመጣ፣ በእንግሊዝኛው የተጻፈውን ወር ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ በደብተሬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው እሁድ፣ ገና ነው። ሁለተኛው እሁድ፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ሙሉ ያብባል። ሦስተኛው ያጠራጥራል። አራተኛው፣ ረግፏል። በሁለተኛው ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከዚያ ቀኑን ሰዓት በሰዓት ከፋፈልኩት፤ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ዳገታማው መንገድ፣ ቀትር ላይ ወንዙ ዳር፣ ከመመለሴ በፊት እንደገና መንገዱ። ከሥር ደግሞ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ማንም ሳያናግረኝ ቆሜ ማየት።»

ደብተሩን ያሳየሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። «አንቺ ልጅ ጉደኛ ነሽ» አለችና እየሳቀች እስከ መጨረሻው አነበበችው።

አመለከትኩ፤ ስሜ ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት በሂስና ግለሂስ ስብሰባ መገምገም ነበረብኝ። በአብዮቱ ዘመን መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ተራ በተራ ተነስተህ የራስህን ጥፋት ትናገራለህ፣ ከዚያ ሌላው ያንተን ይናገራል። «ጥፋት የለብኝም» ማለት ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው። ስለዚህ ሰው ከሚያምነው ሰው ጋር ቀድሞ ይነጋገራል፤ አንተ ይህቺን በለኝ፣ እኔ ያቺን እልሃለሁ። ትንሽ፣ የማታቆስል ጥፋት ትመረጣለች። የእኔና የጓደኛዬ ከተመረጠች ሁለት ዓመቷ ነበር። እሷ «ታረፍዳለች» ትለኛለች። እኔ «እንቅልፍ ታበዛለች» እላታለሁ። ሁለታችንም ማልደን የምንነሳ ሰዎች ነን።

በስብሰባው ዋዜማ ምሳ እየበላን «እንደ ድሮው ነው?» አልኳት።

«እንደ ድሮው» አለች፤ እንጀራውን ወደ እኔ እየገፋች።

ስብሰባው ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት፣ በዕቃ ግምጃ ቤቱ አዳራሽ ተደረገ። ሰብሳቢው ካድሬ ወረቀቱን አየና «ለሥልጠናው ሁለት አመልካቾች አሉን» አለ። ሁለት መሆናችንን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ዞሬ አየኋት። ጣሪያውን ታያለች።

ግለሂሴን አደረግሁ፤ ድምፄ አልወጣ ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ እሷ ተነሳች። ማርፈዴን አላነሳችም።

«ጓዳችን ሥራዋ ጥሩ ነው» አለች። «ግን ሀገር የሚልካት ለምን እንደሆነ የተረዳች አይመስለኝም። ለሥልጠናው ያቀደችው አንድ መስመር የለም። ያቀደችው ለሽርሽር ነው።» ከዚያ ከቦርሳዋ፣ ከክፍሌ መቼ እንደወሰደችው ሳላውቅ፣ ደብተሬን አወጣች።

ሰዓት በሰዓት አነበበችው። የማንበብ ድምፅዋ ጥሩ ነበር። «ማንም ሳያናግረኝ ቆሜ ማየት» ላይ ስትደርስ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ «ጋሼ» የምንላቸው ሽማግሌ፣ «አንቺ ልጅ፣ የሮቢት ሽንኩርት ሲያብብስ ምን አለው?» አሉና ሳቁ ጨመረ። ካድሬው አልሳቀም። «ንዑስ ከበርቴያዊ ዝንባሌ» ብሎ አስጻፈ። ደብተሬም ከቃለ ጉባኤው ጋር እንዲያያዝ ታዘዘ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ስለ እሷ ምን እንደማውቅ እሷም ታውቃለች። በዘመቻ ላይ የነበረ ወንድሟ ከጦሩ ጠፍቶ ደብረ ሲና አክስታቸው ቤት ሁለት ወር መደበቁን የነገረችኝ ራሷ ናት። ፊቷ ላይ ወዝ አልነበረም። ተነሳሁ።

«እንቅልፍ ታበዛለች» አልኩና ተቀመጥኩ።

የእሷ ስም ተላከ። ለእኔ «አበባ» የሚል ስም ወጣልኝ።

ለሦስት ሳምንት አልተነጋገርንም። ምግብ ለየብቻ ማብሰል ጀመርን፤ ከግቢው ሁለት ጭስ ይወጣ ነበር። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከፓፓያዋ ሥር እንደተቀመጥኩ ወረቀት ይዛ መጣች። የከተማ ጉብኝት ቅጹ ነበር።

«ተቀይመሽኛል» አለች።

ክሩን ከጣቴ ማላቀቅ ቀጠልኩ።

«እኔ ባላነበው ሌላ ሰው ያነበው ነበር።» ይህን ስትል ያመነችበት ይመስል ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደብተሩ ከፋይሉ ጋር ተቆልፎበታል። ያ ያሰመርሽበት እሁድ... ስንተኛው ነበር? እኔም ልየው እንጂ፣ እስከዚያ ሄጄ።»

ያሳየኋት ጊዜ እስከ መጨረሻው አንብባዋለች፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊትም አንብባዋለች። ቁጥሩን ግን ልብ አላለችውም። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ በእኔ ላይ የሚያስቀውን እንጂ ሌላውን አልያዘችም ነበር።

ጥንቁቅ ሰው ነኝ። የችግኝ ቁጥር እንኳ ሦስት ጊዜ ሳልቆጥር አልጽፍም። ሹራቡን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና «አራተኛው» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አራተኛው።»

እዚያው በፊቴ ሞላችው፤ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ። «አመሰግናለሁ፣ የኔ እህት» አለች።

ሚያዝያ ሲያልቅ ተመለሰች። ለቢሮው ሻይ፣ ለእትዬ የሐር ሻሽ፣ ለእኔ አንድ ፎቶግራፍ አምጥታለች። መንገዱን ወዲያው አወቅሁት። ያው ዳገት ነው፤ ዛፎቹ ግን እንደ ማንኛውም ዛፍ አረንጓዴ ናቸው። እሷ መሐል ቆማለች፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ በርዷታል። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ዝናብ የሰበሰበው፣ ረግፎ ቡናማ የሆነ አበባ ይታያል።

«ዘንድሮ ቶሎ ረገፈ አሉኝ» አለች።

«እንዲህም ይሆናል» አልኩ።

ፎቶውን ሳጥን ውስጥ፣ ካልጨረስኩት ሹራብ ሥር አስገባሁት። አንድ እጅጌው ቀርቶት ነበር።

በሰኔ የሚቀጥለው ሂስና ግለሂስ ተጠራ። ዋዜማውን ጓደኛዬ በራፌን አንኳኳች፤ ስትገባ እንደ በፊቱ ሳህን ይዛ ነበር። ተቀመጠች፣ እንጀራውን ወደ እኔ ገፋች።

«እንደ ድሮው ነው?» አለች።

ፊቷን አየሁት። የምታውቀው ነገር እንዳለ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

«እንደ ድሮው» አልኳት። «እኔ ማርፈድ፣ አንቺ እንቅልፍ።»