ስም ያልነበረው የእናቴ ሕመም

ልጅ ሳለሁ ጋምቤላ ውስጥ ተረት የምንሰማው ደጅ ላይ ነበር፤ ቤት ውስጥማ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ከተማው ገና የክልል መቀመጫ ሆኖ በየቦታው ቢሮ የሚከፈትበት ዘመን ነው፤ አባቴም ከደጋ ተዛውሮ የመጣ የጤና ረዳት ነበር። ማታ ማታ ታላቅ እህቱ እትዬ ዘነቡ የወባ ትንኝ ለማባረር ኩበት ታጨስና፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰች፣ እኔንና ወንድሞቼን ሰብስባ ታወራልን ነበር። ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለንም ከአጠገቧ አንነሳም።

እናቴ ግን ከእኛ ጋር አትቀመጥም። አስተማሪ ነበረች፤ የመጨረሻውን ወንድማችንን ከወለደች ወዲህ ከአንገቷ እስከ እግር ጣቷ ያማት ጀመር። ጠዋት ስትነሳ ድንጋይ ስትሸከም ያደረች ትመስላለች። ወባ ነው ተባለና ክኒን ዋጠች። ታይፎይድ ነው ተባለና መርፌ ተወጋች። ደሟ ሲመረመር ምንም አይገኝበትም፤ ያኔ ደግሞ ምንም አልተገኘም ማለት ለሁሉም ሰው አላመማትም ማለት ነበር።

አንድ ምሽት እትዬ ዘነቡ ስለ አንዲት ሰነፍ ሚስት ተረተችልን። ሴትዮዋ ባሏ ፊት እያቃሰተች ትተኛለች፤ ባልየው እርሻ ሄድኩ ብሎ ቆጥ ላይ ይደበቃል፤ እሷ ሆዬ ብድግ ብላ ገንፎ ታገነፋለች፣ ቅቤ አፍስሳበት ትበላለች። እትዬ ዘነቡ የሴትዮዋን ማቃሰት ስታስመስል ያወጣችው የእናቴን ድምፅ ነበር። ወንድሞቼ በሳቅ ፍርስ አሉ። ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ፣ በፋኖሱ ብርሃን፣ እናቴ ተኝታ እየሰማች ነበር።

በማግስቱ ከሁላችንም ቀድማ ተነሳች። የቤቱን አንሶላና ብርድ ልብስ ሰብስባ ወደ ባሮ ወንዝ ወረደች፤ እኔም ሳሙናውን ይዤ ተከተልኳት። ድንጋዩ ላይ ስታሽ ፊቷ ላብ በላብ ሆነ። አጠገባችን የምታጥበው የአኙዋ ተወላጅ የሆነችው ጎረቤታችን አሪየት ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ «ተይው፣ እኔ አጥባለሁ» አለቻት። እናቴ አልተወችም።

ያን ሁሉ ልብስ ተሸክማ ስትገባ እትዬ ዘነቡ አየቻትና ወደ አባቴ ዞረች።

«አላልኩህም? ስትፈልግ ትችላለች።»

ከዚያ እናቴ ለቀናት ከአልጋ አልወረደችም። አንሶላው ሲነካት እንኳ ትጮህ ነበር። ኩባያ ማንሳት አቅቷት ውሃ በማንኪያ አጠጣኋት። አባቴ እንደገና ደሟን አስመረመረና መጥቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ደምሽ ንጹህ ነው። እንግዲህ ምን ላድርግ?» አላት።

«ምነው የሆነ ነገር ባገኙብኝ» አለችው። «የሚገድልም ቢሆን። ያኔ ታምኑኝ ነበር።»

አባቴ የምርመራ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ከዚያ ወዲያ አመመኝ ማለት ተወች። ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። ጎረቤቱ ሁሉ «ዳነች» አለ፤ እትዬ ዘነቡም ለካ ተስላላት ኖሮ፣ ደስ ብሏት ለገብርኤል ጥላ አስገባች። ጸጉሬን ስትጎነጉን ግን የእናቴ ጣቶች መሃል ላይ ይቆማሉ፤ ትንፋሿን ውጣ ትቆይና ትቀጥላለች።

ካደግሁ በኋላ አዲስ አበባ ወስጄ ያሳየኋት ሐኪም ገላዋን እዚህም እዚያም በጣቱ እየተጫነ ብዙ ጠየቃት። ሕመሙ ፋይብሮማያልጂያ እንደሚባል፣ በደም ምርመራ እንደማይታይ፣ አንድ ቀን አሽሎ በማግስቱ እንደሚጥል፣ ስንፍናም ማስመሰልም እንዳልሆነ ነገረን። ማስታገስ እንጂ ጨርሶ ማዳን አይቻልም አለን። እናቴ ስሙን ደጋግማ ለመጥራት ሞከረች፤ አልያዝላት አለ። «አባትሽ ይህን ሳይሰማ ሞተ» ብላ አለቀሰች።

ከእነዚያ ምሽቶች የሰማሁት ተረት አብዛኛው ጠፍቶብኛል፤ የሰነፏ ሚስት ተረት ግን አልጠፋብኝም። እናቴ ዛሬ አብራኝ ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ስላት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለኛለች። የት የት እንደሚያማት ንገሪኝ ብዬ ብለምናትም ሌላ መልስ የላትም። አሁን የሚያምናት ሰው አለ፤ እሷ ግን መናገሩን ከተወች ቆየች።